ከድንጋዩ በፊት ቦዩ፣ ከቦዩ በፊት ሂሳቡ

ለምክር ዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአያት አለፍ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ሰፈራችን 64 ቤት አለው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። 120 ሜትር የሚሆነውን የመሐል መንገዳችንን ኮብልስቶን ልናነጥፍ መዋጮ ቆርጠን ነበር፤ የከፈለው 19 ቤት ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ወደ 40 የሚጠጉ ቤቶች «ጎርፉ እኛ ጋ አይገባም» ይላሉ። ከታች ያሉት ሦስት ቤቶች ባለፈው ክረምት ውሃ ሳሎናቸው ገብቶባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ «ድንጋዩ ሲነጠፍ ይብስብናል» ብለው ይፈራሉ። ሌላው «ከሁለት ዓመት በፊት ለዘብ ቤትና ለጥበቃ ከ41 ቤት ሁለት ሁለት ሺህ ብር ተሰብስቦ የት እንደገባ ሳይነገረን አንከፍልም» ይላል። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ጎረቤቴ ናቸው። ሌባ አይመስሉኝም፣ ግን ሂሳብ አላስረከቡም። ኮሚቴው ለአዲስ ዓመት በሬ አርደን ሰዉን እናሰባስብና እዚያው መዋጮውን እንጠይቅ ይላል። የዕድራችን ዳኛ በበኩላቸው ገንዘቡ በዕድር በኩል ይሰብሰብ፣ ያልከፈለ ከዕድር ይሰረዝ ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሰፈራችን ዳር ስለሆነ ማታ ማታ ጅብ ከቦዩ አፍ አይጠፋም፤ ለሱም መላ ካላችሁ።

ጸሐፊዋ፣ ሐምሌ

ውድ ጸሐፊ፣

የጠየቁን ስለ ድንጋይ ነው፤ ጎረቤቶችዎ የሚነግሩዎት ግን ስለ ሂሳብ ነው። 41 ቤት አንድ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ከፍሏል። ያ ሰው መንገድ ጠልቶ አይደለም ዛሬ እጁን የሰበሰበው። ስለዚህ አዲሱን መዋጮ ለጊዜው ያቁሙት። የ19ኙ ቤቶች ገንዘብ ባለበት ይቀመጥ፤ «ሥራው እስኪጀመር አንነካውም» ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቋቸው። ከዚያ ወደ አሮጌው 82,000 ብር ተመለሱ።

ኮሚቴው ራሱ መርማሪ እንዳይሆን። ሦስት ሰው ይመረጥ፤ አንዱ በመጀመሪያው ዙር የከፈለ፣ አንዱ ዛሬ አልከፍልም ከሚሉት፣ አንዱ ደብተር መያዝ የሚያውቅ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ወይም ጡረታ የወጣ አስተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሰው በተለይ ያስፈልጋል። ሂሳቡን በዓይኑ ያየ ተቃዋሚ የሚናገረው ከኮሚቴው አሥር ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል።

ወደ ገንዘብ ያዡ ቤት ሲኬድ ደብዳቤ አይላክ። ደብዳቤ ክስ ይመስላል፣ ክስ የመሰለው ሰው ደግሞ ደብተሩን ይደብቃል። ሦስቱ ሰዎች ቀን ተቀጣጥረው ይሂዱ፤ አንድ ባለ አምስት ዓምድ ወረቀት ይያዙ፦ ቀን፣ ለማን ተከፈለ፣ ለምን፣ ስንት ብር፣ ደረሰኝ አለ ወይስ የለም። ወረቀቱን ከእሳቸው ጋር ተቀምጠው ይሙሉት። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የሚጎድለው ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጥበቃ ደመወዝና በመኪና የመጣ አሸዋ ነው። ደረሰኝ የሌለውን በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል። የዘብ ቤቱን ቆርቆሮና ቋሚ እንጨት ይቁጠሩ፤ ዘበኛውን «በወር ስንት ተከፈለህ፣ ስንት ወር?» ብለው ይጠይቁ፤ አሸዋው የተደፋበትን ቤት ባለቤት ያናግሩ። ተገኝቶ የተረጋገጠው በአንድ ዓምድ፣ በአፍ ብቻ የተነገረው በሌላ ዓምድ ይስፈር። ያልተገኘለት ገንዘብ «ማስረጃ ያልቀረበለት» ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። «ጠፋ» ወይም «ተበላ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ፤ ያን ማለት የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር መግጠም አለበት፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው። የቀረ ጥሬ ገንዘብ ካለ በዚያው ቀን ሦስቱም ባሉበት ባንክ ይግባ። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ፎቶው በቴሌግራም ግሩፑ ይለቀቅ። ማስረጃ ያልቀረበለት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ሊዘጋው ይችላል። ትልቅ ከሆነ ሽማግሌ ይግባበት፣ ካልሆነ ሕግ አለ። ጎረቤትዎ ስለሆኑ እርስዎ በዚህ ቡድን ውስጥ አይግቡ፤ ቢያዳሉም ባያዳሉም ይወራብዎታል።

አዲሱ ገንዘብ የት ይቀመጥ? የዕድሩ ዳኛ ያሉትን እንዳይቀበሉ አጥብቀን እንመክራለን። ዕድር የቀብር ነው። የመንገድ መዋጮ ከዕድር መዋጮ ጋር በአንድ ደብተር ከገባ፣ አንድ ቀን ያልከፈለ ሰው ቤት ለቅሶ ይወድቃል። ያኔ ድንኳኑ ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ክርክር ሬሳው ቤት ውስጥ እያለ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰፈር ማንም ኮሚቴ አያስታርቀውም። ከዕድሩ ድንኳንና ወንበር ተዋሱ፣ ያ ይበቃል።

የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ስለሚፈቅድ ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት ነበር። የእናንተ የግል ቤቶች ሰፈር ነው፤ ያልተመዘገበ ኮሚቴ በራሱ ስም ሂሳብ መክፈት ያስቸግረዋል። ቀላሉ መንገድ የሦስት ሰው የጋራ ሂሳብ ከፍቶ ገንዘብ ሲወጣ ቢያንስ የሁለቱ ፊርማ የግድ እንዲሆን ማድረግ ነው። ባንኩ ቃለ ጉባኤና የወረዳ ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ። ይህን የምንለው ስላየነው ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ፊርማዎች አንድ ፊርማ ናቸው።

በአንድ ሰው ስልክ በቴሌብር መሰብሰብም ይቅር። ገንዘቡ ከግል ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል፣ ስልክ ይጠፋል፣ የገባው አጭር መልእክት ደግሞ ለከፋዩ የኮሚቴ ደረሰኝ አይሆነውም። ከፋዩ በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳቡ ያስገባ፤ ማስገቢያውን ሲያሳይ ተራ ቁጥር ያለው ባለ ካርቦን ደረሰኝ ይቆረጥለት። የደረሰኙ ጥራዝ ሲጀመር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የተበላሸ ቅጠል አይቀደድ፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነካርቦኑ እዚያው ይቆይ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። የታችኞቹ ሦስት ቤቶች ፍርሃት ትክክል ነው። አፈር ውሃ ይመጥጣል፣ ያዘገያል። ድንጋይ ያንሸራትተዋል። ቦይ ሳይሠራ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ውሃው በበለጠ ፍጥነት እነሱ በር ላይ ይደርሳል። ድንጋዩም ቢሆን አይቆይም። የተቀመጠው አሸዋ ላይ ነው፤ ውሃው በየክፍተቱ ገብቶ አሸዋውን ከሥር ይጠርገዋል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ጎማ ይረግጠዋል፣ አንዱ ሲነቀል ጎረቤቱ ይከተላል። «ኮብልስቶን አይበረክትም» የሚባለው በአመዛኙ ከሥሩ ውሃ ስለሚያልፍ ነው።

የላይኞቹ «እኛ ጋ አይገባም» ለሚሉት መልሱ ሂሳብ ነው፤ በስብሰባ ላይ ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በ200 ሊትር በርሜል 15 በርሜል ማለት ነው፣ ከአንድ ቤት ጣሪያ ብቻ። ከላይ ካሉት 40 ቤቶች ሲደመር 120,000 ሊትር። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ያውቃሉ፤ አሥራ ሁለት ቦቴ ውሃ በአንድ ዝናብ ከላይ ሰፈር ጣሪያ ወርዶ ሦስት ሳሎን በር ላይ ይቆማል። ሲሚንቶ የተደረገው ግቢና መንገዱ ራሱ ገና አልተቆጠረም። ጎርፉ የሚገባው ታች ነው እንጂ የሚነሳው ላይ ነው።

አሁን ሐምሌ ስለሆነ አንድ ዕድል አላችሁ፦ ውሃው ራሱ መንገዱን እያሳየ ነው። ሁለት ሰው ዣንጥላ ይዞ ኃይለኛ ዝናብ ላይ ከላይ እስከ ታች ይሂድ። ውሃው ከየትኛው ግቢ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም በስልክ ይቅረጽ፤ ሲያባራ ግድግዳ ላይ የደረሰበትን ከፍታ በቀለም ምልክት ያድርግ። በጥቅምት ሁሉም ነገር ደረቅ ሲሆን ማንም ያንን ከፍታ አያምናችሁም።

ከዚያ ልኬት። መሐንዲስ ካላችሁ መልካም፤ ከሌለም ማንኛውም ግንበኛ በላስቲክ ውሃ ልክ ሊለካው ይችላል። 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞላል፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ከሁለት ችካል ጋር ይይዛል፤ ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ችካል ላይ ምልክት ይደረጋል። ከምልክቱ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለክተው ልዩነቱን ሲወስዱ በዚያ ርቀት ያለው ቁልቁለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ላስቲኩ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል፣ አንዳንዴም በስንዝር። ላስቲኩን አቅንቶ፣ በጣት እየመቱ አረፋውን አስወጥቶ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን አቁሞ እኩል መሆኑን ማየት ነው። ቦዩ ቢያንስ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ በ120 ሜትር 1 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ አፈር ይደላደልበታል። ቁልቁለቱ በሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ውሃው ወለሉን እንዳይቆፍረው በየርቀቱ ደረጃ ይሠራለታል።

ከሁሉ በፊት ግን የቦዩ መጨረሻ የት ነው? በእናንተ ጫፍ ላይ አቁማችሁት ከታች ያለው ሌላ ሰፈር ላይ ከለቀቃችሁት፣ ጎርፉን አላስወገዳችሁም፣ አሻገራችሁት። ያ ጸብ ብቻ ሳይሆን ክስም ያመጣል። መውጫው ወንዝ ወይም ዋናው የመንገድ ቦይ መሆን አለበት። ከዋናው ቦይ ጋር ለማገናኘት በወረዳችሁ በኩል ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠየቅ። ማመልከቻው ላይ የልኬቱ ንድፍ፣ የጎርፉ ፎቶና የነዋሪዎች ፊርማ ይያያዝ፤ የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያለው ቅጂ ይያዙ። በቃል የተጠየቀ ነገር እንዳልተጠየቀ ነው የሚቆጠረው።

ቦዩ በድንጋይ ግንብ ሆኖ ውስጡ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን ለእንዲህ ያለ መንገድ ይበቃል። 40 የምንለው ለውሃው ብቻ አይደለም፤ አካፋ የማይዞርበት ቦይ አይጸዳም። ክዳኑ ላይ ነው ብዙ ሰፈር የሚሳሳተው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የአርማታ ክዳን፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይዞ፣ 144 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሁለት ሰው አያነሳውም፤ ስለማይነሳም ቦዩ አይጸዳም፤ ሦስተኛው ክረምት ላይ ይደፈናል። ርዝመቱን ግማሽ ሜትር ካደረጋችሁት 72 ኪሎ ይሆናል፤ ሲፈስ ሁለት የፌሮ እጀታ ከተቀበረበት ሁለት ጎረምሳ ያነሳዋል። ፌሮው 10 ቁጥር ይሁን፣ ከታችኛው ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ፌሮው መሐል ወይም ላይ ከሆነ ክዳኑ መኪና ሲወጣበት ይሰነጠቃል፤ የሚለጠጠው የታችኛው ፊት ነውና። በየ10 ሜትሩ በክዳን ፋንታ የብረት ፍርግርግ ይግባ። ፍርግርጉ ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ ውሃው በላዩ አልፎ ይሄዳል፣ ቦዩ ደረቅ ሆኖ መንገዱ ወንዝ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ በውሳኔ ይያዝ፦ ማንም የሽንት ቤት ወይም የሴፕቲክ ታንክ ትርፍ ወደዚህ ቦይ እንዳይለቅ። በመጀመሪያው ወር ማንም አይለቅም፤ በሁለተኛው ዓመት አንዱ በሌሊት ይሰካበታል። ግንቡ ሲሠራ የእያንዳንዱ ቤት የዝናብ ውሃ መግቢያ በቁጥር ይመዝገብ፤ ከዚያ ውጭ የተገኘ ቱቦ የማን እንደሆነ አያከራክርም።

ኮብልስቶኑ ከዚህ በኋላ ነው። መንገዱ 5 ሜትር ስፋት ካለው 600 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋዩ በየፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከነክፍተቱ በካሬ ሜትር ከ83 እስከ 90 ድንጋይ ይገባል፤ ለጠቅላላው ከ50,000 እስከ 54,000 ፍሬ። ሰው ሁሉ የሚደራደረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ገንዘቡ የሚሰምጠው ግን ከሥር ነው። በከተማው ምሥራቅና ደቡብ ዳር ብዙ ቦታ መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እግር እስኪገባ ይሰነጠቃል። መረሬ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ድንጋይ ከሁለት ክረምት በኋላ ማዕበል ይመስላል። 40 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ፣ በምትኩ ሴሌክት (ለመሙያ የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ይግባ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ እየረጠበ በሮለር እየተጠቀጠቀ። 600 ካሬ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር 240 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ሩብ ያህል ጨምራችሁ 300 እዘዙ። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ሲኖትራክ ወደ 19 ምልልስ ነው። ይህ ወጪ መጀመሪያ ላይ ስላልተነገረ ብዙ ሰፈር መሐል ላይ ገንዘብ ያልቅበታል።

አሸዋው ለመደላድል 4 ሳንቲ ሜትር፣ ለክፍተት መሙያ ደግሞ ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 40 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ ሦስት መኪና በሉት። መኪናው ሲመጣ አንድ የኮሚቴ ሰው ሜትር ይዞ ሳጥኑ ላይ ይውጣ፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ የአሸዋው ከፍታ በአራቱም ማዕዘንና በመሐል ይለካ። ጠርዙ ላይ ሞልቶ መሐሉ የጎደጎደ ጭነት የተለመደ ነው። ርጥብ አሸዋም ሲለካ ይበዛል፤ ሲደርቅ ይወርዳል።

ከመነጠፉ በፊት ሁለት ነገር ይደረግ። ውሃ ወይም ፍሳሽ ያልሳበ ቤት ካለ አሁን ይሳብ። በየ20 ሜትሩ ደግሞ መንገዱን የሚያቋርጥ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ባዶ ቱቦ ከሥር ይቀበር፣ ሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ፣ ቦታው በግድግዳ ላይ ምልክት ተደርጎ። አለዚያ በሦስተኛው ወር አንዱ የስልክ ወይም የውሃ መስመር ሊያሳልፍ ድንጋዩን ይነቅላል፤ የተነቀለ ቦታ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ቦዩ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ መንገዱ በሙሉ ወደዚያ ያዘንብል፤ በ5 ሜትር ስፋት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። በሁለቱም ጠርዝ ከርብ ስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) በአርማታ ተይዞ ይቁም፤ ጠርዝ የሌለው ኮብልስቶን በየጎኑ ይፈታል። ርክክብ ላይ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በየ10 ሜትሩ አፍስሱና ተመልከቱ። ውሃው ወደ ፍርግርጉ ካልሄደ፣ ቆሞም ከቀረ፣ ያ ቦታ ተነቅሎ ይስተካከላል።

አንጣፊዎቹ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ቢሆኑም ውሉ የጽሑፍ ይሁን፤ ዋጋ ከሦስት ቦታ በፕሮፎርማ ይምጣ። 30 በመቶ ቀብድ፣ ሴሌክቱ ተጠቅጥቆ ሲታይ 30፣ ንጣፉ ሲያልቅ 30። የቀረው 10 በመቶ የሚከፈለው አንድ ክረምት አልፎ ከታየ በኋላ ነው። ሥራው በጥቅምት ቢጀመር የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ቦዩ ያልቃል፤ ሰኔ ሳይገባ መንገዱም።

መዋጮው እንግዲህ በሦስት ዙር ይከፈል፦ ለቦዩ፣ ለሴሌክቱ፣ ለድንጋዩ። ለሚቀጥለው ዙር የሚጠየቀው ያለፈው ዙር አልቆ ሂሳቡ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ገንዘቡ አንድ ቦታ ላይ ቢቆም እንኳ ቦዩ ብቻውን ይጠቅማል፤ ግማሽ የተነጠፈ ኮብልስቶን ግን ለማንም አይሆንም። ድርሻው በቤት እኩል ቢሆን ክርክር ይቀንሳል። ከባድ መኪና የሚያስገባ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ብሎኬት ማምረቻ ካለ ግን እጥፍ ይክፈል፤ መንገዱን የሚያፈርሰው ጎማ የሱ ነው። ተከራይ የጥበቃና የጽዳት ይክፈል፣ የግንባታው የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ወኪሉን ፈልጉ፤ ያላለቀ ቤትና ባዶ ቦታም ድርሻ አለው፣ ዋጋው የሚጨምረው የሱም ነውና። አቅም የሌለውን ቤት በጉባኤ ፊት ስሙን አታንሱ። ሁለት ሰው በዝግ ይወስን፤ በወር ከፋፍሎ ወይም በጉልበት እንዲከፍል ይደረግ። ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይጠቅምም። የከፈሉትን ለጥፉ፤ የጎደለውን ሰው ራሱ ይቆጥራል።

ጉባኤው እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የሄደውም ተመልሷል፣ ምሳም ተበልቷል። አጀንዳው ሦስት ይሁን፦ የአሮጌው ሂሳብ፣ የጎርፉ ቪዲዮና ልኬት፣ የአዲሱ ሂሳብ ፈራሚዎች። ስለ ድንጋይ ዋጋ በዚህ ስብሰባ አይነሳ። ፊርማ በቤት ቁጥር ይያዝ፤ ከ64 ቤት 33 ካልመጣ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርቶ በተገኘው ሰው ይወሰን፣ ይህም በጥሪው ላይ ይጻፍ።

በሬው ይቅር። ሰፈራችሁ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ስለዚህ የሰፈሩ ድግስ የሰፈሩ ግማሽ ድግስ ይሆናል። የበሬ ዋጋ ደግሞ አዲስ መዋጮ ነው። በጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ከነአካፋው ያውጣ፣ ያለው ቦይ ይጸዳ፣ ከዚያ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና። የጾሙን ነገር አስባችሁ ዳቦው ወተትም ቅቤም አይግባበት። ወረዳውንና ፖሊስ ጣቢያውን በደብዳቤ አሳውቁ፤ ድንኳኑ አምቡላንስ የሚያልፍበት ቢያንስ 3 ሜትር ተኩል ይተው። ማታ ሙዚቃ ካሰባችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው የድምፅ መጠን ወደ 45 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ይህ ሞንታርቦ ሳይሆን ቀስ ያለ ወሬ ነው። በዚያ ቀን ገንዘብ አይጠየቅ። ሰው ቡና ሊጠጣ ተጠርቶ ደረሰኝ ሲቆረጥበት በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

ጅቡ የሚመጣው ለቆሻሻው ነው። ቦዩ አፍ ላይ የሚጣለው የሥጋ ትርፍና የዶሮ አንጀት እስካለ ድረስ ዘበኛ ቢጨምሩም አይቀርም። መርዝ አታስቡ፤ ውሻና ሰው ይጎዳል። ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር የሚመጣበትን ቀን ዘብ ቤቱ ላይ ጻፉ፣ የቆሻሻው ማዳበሪያ በዚያው ጠዋት እንጂ ከዋዜማው እንዳይወጣ ተስማሙ፤ ቦዩ አፍ ላይ አንድ መብራት ስቀሉ። በበዓል ሰሞን የእርድ ተረፈ ምርት የሚቀበርበትን ቦታ አስቀድማችሁ ከወረዳው ጋር ወስኑ፤ ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ይሁን፣ ከቦዩም ራቅ ይበል።